የእናቴን ቤት ያፈረስኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። ደብረ ብርሃን ያለችው ጎረቤታችን ናት። «አትደንግጥ፣ አሁን ደህና ናቸው» አለችኝ። በዚያ ሰዓት ወሬውን «አትደንግጥ» ብሎ የጀመረ ሰው ምን እንደሚያደርግ ታውቁታላችሁ። እማዬ መኝታ ቤቷ ውስጥ ከሰል አቀጣጥላ፣ በርና መስኮቱን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ተኝታ ኖሯል። ሌሊት ራሷን ሲያማት ውሃ ልትጠጣ ተነሣችና ወደቀች። አብራት የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ድምፁን ሰምታ ጎትታ ወደ ደጅ አወጣቻት። ደጁ ውርጭ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሸሸው የደብረ ብርሃን ብርድ ያን ሌሊት እናቴን አተረፈልኝ።

በማግስቱ ሄጄ አጠገቧ ቁጭ አልኩና «ምን ነክቶሽ ነው ከሰል ይዘሽ የተኛሽው?» ብዬ ተቆጣኋት። መልሷ አጭር ነበር።

«ቤቱ ይበርዳላ፣ ልጄ።»

ቤቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ፕላኑን የሣልኩት እኔ፣ ብሎኬቱን ያስቆጠርኩት እኔ፣ ሴራሚኩን ከአዲስ አበባ ያስጫንኩት እኔ። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ እሷ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያለ ከሰል የተኛችበትን የጭቃ ቤትም ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። ሙያዬ አርክቴክት ነው። አምስት ዓመት ተምሬዋለሁ፣ ዘጠኝ ዓመት እንጀራ በልቼበታለሁ። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንደ ኑዛዜ አንብቡት። ኑዛዜዬን ስጨርስ ግን እናንተንም እከሳለሁ። ያን ቤት ብቻዬን አላፈረስኩትማ!

ያፈርኩበት ቤት

የድሮው ቤት ምን ይመስል እንደነበር ለብዙዎቻችሁ መንገር አያስፈልግም። ወይ አድጋችሁበታል፣ ወይ ለበዓል አያቶቻችሁ ጋ ስትሄዱ አድራችሁበታል። ቋሚው የጥድ፣ ማገሩ የባሕር ዛፍ። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ቦክቶ፣ እንደገና ተረግጦ የተመረገ። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከሥሩ የአቡጀዲ ኮርኒስ። መስኮቶቹ ትንንሽ፣ ባለ እንጨት መዝጊያ። በሩ ወደ ምሥራቅ የዞረ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስከ መደቡ ድረስ ትገባለች። እማዬ ቡናዋን የምታፈላው ፀሐይዋ ካረፈችበት ቦታ ላይ ነበር።

ችግር አልነበረበትም አልልም። በጓሮ በኩል የውሃ መውረጃው ቦይ ተደፍኖ የግድግዳው እግር እየረጠበ መበስበስ ጀምሮ ነበር። አንዱ ጥግ ያፈስ ነበር። ክረምት ባለፈ ቁጥር የሆነ ቦታ እንደገና መመረግ አለበት። የሰፈራችን አናጢ፣ አባቴ ያን ቤት ሲሠራ ገና ወጣት ሆነው ቋሚ ያቆሙ ሰው፣ ግድግዳውን እያንኳኩ ከዞሩ በኋላ እንዲህ አሉኝ። «ጥዱ እኮ አልተነካም። ቦዩን ጥረገው፣ እግሩን በድንጋይ አሳስረው፣ ክፈፉን ትንሽ ወደ ውጪ አስረዝመው። ካንተ በላይ ይኖራል።»

ፈገግ ብዬ አለፍኳቸው። ዲግሪ ያለኝ እኔ ነኛ!

እውነቱን ልናገር። ያን ቤት ስለበሰበሰ አይደለም ያፈረስኩት፤ ስላፈርኩበት ነው። አንድ ጊዜ የሥራ ባልደረቦቼ ለጥምቀት መጥተው እኛ ጋ አደሩ። አንዱ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ እየገባ «አርክቴክቱ በጭቃ ቤት!» አለ። ለቀልድ ነው። ሁላችንም ሳቅን። ማታ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ልጇን አስተምራ ለዚህ ያበቃች እናት በጭቃ ቤት ስትኖር ሰፈሩ ምን ይላል? እማዬም ብትሆን «የእገሊት ልጅ ለእናቱ ብሎኬት አቆመላት» ሲባል እየሰማች ነበር። እሷም ፈለገች፣ እኔም ፈለግሁ። አፈረስነው። ቋሚው ሲነቀል የጥዱ ልብ እንደ አዲስ ቀይ ነበር። ሽታው ግቢውን ሞላው። ለማገዶ ሸጥነው።

አዲሱን ቤት ፊቱን ወደ ሰሜን አዞርኩት፤ መንገዱ በዚያ በኩል ነዋ፣ ሳሎኑ ለመንገደኛ መታየት አለበት። እስቲ አስቡት። እኛ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ነን። ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ ልክ ደብረ ብርሃን ውርጭ በሚወርድባት ወቅት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። ወደ ሰሜን ብቻ የዞረ ክፍል በእነዚያ ወራት ፀሐይ የሚባል ነገር አያይም። ይህን ገና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር። በዚያ ላይ ሰፋፊ የኤልቲዜድ መስኮት ባለ አንድ ንጣፍ መስታወት፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ከዳር እስከ ዳር ሴራሚክ። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠች፣ በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ በምትታወቅ ከተማ ውስጥ ለእናቴ ማቀዝቀዣ ሠራሁላት። ፎቶውን ስለጥፈው ሦስት መቶ ሰው ወደደው። ከሦስት መቶው ውስጥ «ፀሐይ በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም የለም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፦ ከሰል በጭቃ ቤትም ይገድላል። ጭሱ ጠፋ ማለት መርዙ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ በምንም ዓይነት ቤት አታቀጣጥሉ። የእኔ ጥፋት ሌላ ነው። ከሰል የማያስፈልጋትን ሴት ከሰል እንዲያስፈልጋት አደረግኋት።

መስታወት፣ መጋረጃ፣ ጋዜጣ

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልመለስ። ብርዱ ይቀንሳል፣ ጥፋቱ ግን ያው ነው።

የምሠራው በአንድ አማካሪ ድርጅት ነው። ደንበኛ ይመጣል፣ ስልኩን አውጥቶ የዱባይ ፎቶ ያሳየኛል፣ «እንዲህ ዓይነት ይሁንልኝ» ይላል። መሬቱ ረጅም ጎኑ ወደ ምዕራብ ያያል። በምዕራብ በኩል መስታወት ካደረግን ከሰዓት በኋላ ሰው እንደሚቀቀል እናገራለሁ። «ኤሲ ይገባለታል» ይለኛል። አለቃዬ በዓይኑ ይጠቅሰኛል። እሥላለሁ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በደንብ ለተሠራ ሕንፃ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የማያስፈልግባት ከተማ ናት። ይህ በዓለም ላይ ስንት ከተማ የማያገኘው ዕድል ነው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች በሰሜንና በደቡብ ያለ መስኮት ከላዩ ትንሽ ጥላ ካወጣችሁለት ይበቃዋል። በምሥራቅና በምዕራብ ግን ፀሐይ ዝቅ ብላ በአግድም ትገባለች፤ እሷን ክፈፍ አያቆማትም። ስለዚህ ሕጉ ቀላል ነው፦ ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አድርግ፤ በምዕራብ በኩል ደረጃውን፣ መጸዳጃውን፣ መጋዘኑን አስቀምጥ። መሬቱ እንቢ ካለህ ቢያንስ እዚያ በኩል መስታወት አታብዛ። አንድ ብር አያስወጣም።

እኛ የምናደርገውን ግን ታውቁታላችሁ፤ ምናልባት አሁን ይህን የምታነቡት እንዲህ ያለ ቢሮ ውስጥ ሆናችሁ ይሆናል። መጀመሪያ ሕንፃው መስታወት ይለብሳል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲያቃጥል መስታወቱ ላይ ጋዜጣ ይለጠፋል። ቀጥሎ ወፍራም መጋረጃ ይሰቀላል። መጋረጃው ብርሃኑን ስለዘጋው በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል። ሙቀቱ አሁንም ስላልወጣ ኤሲ ይገዛል። መብራት ሲጠፋ ኤሲውን ለማስነሣት ጄነሬተር ይገባል። ይህ ሁሉ ወጪ የሚመጣው ግድግዳ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ በውጭ ምንዛሪ የገባ መስታወትና አሉሚኒየም ስላቆምን ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅም ሲባል አልሰማንም መሰለኝ።

ሕንፃው ሲያልቅ ደግሞ በረንዳው ላይ ሦስት የአበባ ማሰሮ ይደረግና ብሮሹሩ ላይ «አረንጓዴ ሕንፃ» ተብሎ ይጻፋል። ያን ብሮሹር ያዘጋጀሁበት ጊዜ አለ። ቁጥቋጦዎቹን በፎቶሾፕ የተከልኳቸው እኔ ነኝ።

ጭሱ ያለው የት ነው?

«አረንጓዴ ሕንፃ» ሲባል ከውጭ የመጣው ዝርዝር በአብዛኛው የሚያወራው ስለ መብራት ነው፦ የማይበላ አምፖል፣ የማይበላ ማሞቂያ፣ ሶላር ምናምን። ኤሌክትሪካቸውን ከድንጋይ ከሰልና ከጋዝ ለሚያመነጩ፣ ክረምቱን ሙሉ ቤት ለሚያሞቁ አገሮች ትክክል ነው። የእኛ ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው የሚመጣው። ሶኬታችን ውስጥ ያለው ጭስ ትንሽ ነው። የእኛ ሕንፃ ጭሱን የሚያጨሰው ገና ሳይመረቅ፣ ሲሚንቶው፣ ብረቱ፣ አሉሚኒየሙና መስታወቱ ሲመረቱ ነው። ቁሱን የገዛን ቀን ነገሩ አልቋል። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ላይ ሶላር ብትሰቅል ያለቀ ነገር ነው የምታስጌጠው።

ሲሚንቶን እንውሰድ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ፣ ከሸክላ አፈር ጋር ተቀላቅሎ፣ 1,450 ዲግሪ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ተቃጥሎ ነው። ለምድጃው ነዳጅ ይቃጠላል፤ ይህን ሁሉም ይገምታል። ብዙ ሰው የማያውቀው ድንጋዩ ራሱ ጭስ ያዘለ መሆኑን ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ነገ ምድጃውን በንጹሕ ኤሌክትሪክ ብናነደው እንኳ ይህኛው ጭስ አይቀርም። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ እንደ አሠራሩ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ነው ሳይት የሚደርሰው። በዓለም ደረጃ ሰው ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው።

ሲሚንቶ ይቅር እያልኩ አይደለም። ያለ ሲሚንቶ ፎቅ የለም፣ ድልድይ የለም። ግን እንዴት እንደምናባክነው ሳይት የዋለ ሰው ይጠየቅ። አርማታው ቶሎ እንዲፈስስላቸው ውሃ ያበዙበታል፤ ውሃው ሲበዛ ይደክማል፤ እንዳይደክም ሲሚንቶ ይጨምሩበታል። ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ሰባት ቀን ውሃ መጠጣት ያለበትን ሁለት ቀን ረጭተው ይተዉታል። ለግንብና ለልስን ፒፒሲ ከበቂ በላይ ሆኖ ሳለ «ኦፒሲ ይጠነክራል» ብለው ኦፒሲ ያስጭናሉ። ፒፒሲ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ድንጋይ ተፈጭቶ የገባበት ሲሚንቶ ነው፤ ስለዚህ የተቃጠለው ኖራ በዚያ ልክ ይቀንሳል። ያ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደግሞ ስምጥ ሸለቆአችን ውስጥ ሞልቷል። ጉዳቱ አንድ ነው፤ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። እኛ ደግሞ ፎርምወርኩን ቶሎ ነቅለን ወደ ሚቀጥለው ፎቅ መሮጥ አለብን።

ይህን የአየር ንብረት ጉዳይ ነው ብላችሁ ለስብሰባ አትተዉት። ጅዳና ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህት የላከችው ብር ነው። እዚህ ለእናትና አባቷ «ብሎኬት» ለማቆም ነው የምትልከው። ሲሚንቶ ከገበያ በጠፋበትና ዋጋው በየሳምንቱ በጨመረበት ጊዜ ስንቱ ቤት መሠረቱ ወጥቶ፣ የኮለኑ ፌሮ ወደ ሰማይ ቆሞ፣ ዝገት በልቶት እንደቀረ በየከተማው ዳር ሂዱና እዩት። ያቺ ልጅ የከፈለችው ዕድሜዋን ነው። ያ ዕድሜ ፌሮ ሆኖ ዝጎ ቀረ። በዚያው ብር በድንጋይ መሠረት ላይ ጥሩ የአፈር ቤት አልቆ፣ ተገብቶበት፣ የቀረው ለታናሽ ወንድሟ ትምህርት በሆነ ነበር። ይህን ግን ማን ይነግራታል? የቤት ማስታወቂያ ላይ «የብሎኬት ቤት» ብሎ የሚጽፍ እንጂ «የጭቃ ቤት» ብሎ የሚኩራራ ደላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

«ታዲያ ወደ ጎጆ እንመለስ?»

ይህን ባልኩ ቁጥር የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። አንድ በአንድ እንየው።

«ከተማው መሬት የለውም፣ ፎቅ ያስፈልጋል።» አዎ። ባለ አሥር ፎቅ በጭቃ ሥሩ ያለ ሰው የለም። ግን ዓይናችሁን ከቦሌ አንሡና አገሩን እዩ። በአነስተኛ ከተሞች የሚሠራው አብዛኛው ቤት፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤቱ አንድ ወይም ሁለት ፎቅ ነው። ለዚያ ሁሉ ለምንድነው የፎቅ ቁስ የምንጭነው?

«ባሕር ዛፍና ጥድ ቁረጡ ማለትህ ነው?» ጥድ አትቁረጡ። እኔ ለማገዶ የሸጥኩትን ዓይነት ጥድ ዛሬ መተካት ይቸግራል፤ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን የተሸከማት እሱ ነው። ብዙው የመስታወት ፎቅም ሲሠራ ዙሪያውን ሲቆም የኖረው አጣና ነው። አጣናው ሕንፃውን ለመሥራት በቂ ሆኖ፣ ሕንፃው ውስጥ ለመግባት ግን ያሳፍራል። ቀርከሃም አለ። ሁለት አገር በቀል ዝርያ አለን፣ የደጋና የቆላ፤ በተፈጥሮ ቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ ነን። ዶርዜ ሄዳችሁ ከሆነ አይታችሁታል፦ ቤቱን እግሩን ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ዝቅ ያደርጉታል፣ ሲያስፈልግም ተሸክመው ቦታ ያዛውሩታል። እኛ «ሪሳይክል» የሚለውን ቃል ከመስማታችን በፊት ማለት ነው።

«ጭቃ ይፈርሳል።» ጭቃን የሚያፈርሰው ከታች የሚመጣ እርጥበትና ከጎን የሚመታው ዝናብ ነው። ሁለቱን ከከለከላችሁት አይፈርስም፤ አናጢው የነገሩኝ ይህንኑ ነበር። ከዚያ ያለፈ ጥንካሬ ለሚፈልግ ደግሞ በማሽን ተጨምቆ የሚወጣ የአፈር ብሎኬት አለ። ከ5 እስከ 10 በመቶ ሲሚንቶ ይገባበታል፤ እሳት አይፈልግም፣ ጥላ ሥር ደርቆ ግንብ ይሆናል። አፈር ሁሉ ለዚህ አይሆንም። ጥቁሩ መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አሸዋ የቀላቀለ ቀይ አፈር ግን ይሆናል። ይህን ለመለየት ላቦራቶሪ ያለው ይፈትሸዋል፤ የሌለው በጠርሙስ ውሃ በጥብጦ ያየዋል።

«ሕዝቡ አይፈልግም።» ይህኛው ነው እውነተኛው መልስ፤ የቀሩት ሁሉ የእሱ ልብስ ናቸው። ሕዝቡ አይፈልግም፤ እኔም አልፈለግሁም ነበር። ይህ ግን እኛ ብቻ የደረሰብን ነገር አይደለም። ቡርኪና ፋሶ ውስጥ ጋንዶ በምትባል መንደር የተወለደው ፍራንሲስ ኬሬ ጀርመን አገር አርክቴክቸር ተምሮ ለመንደሩ ትምህርት ቤት ለመሥራት ሲመለስ፣ በአፈር እንደሚሠራው ሲነግራቸው መጀመሪያ የተጠራጠሩት የገዛ መንደሩ ሰዎች ነበሩ። ፈረንጅ አገር ሄዶ ተምሮ በጭቃ ልሥራ ይላል እንዴ? እሱ ግን አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ጨምቆ ብሎኬት አደረገው፤ የቆርቆሮውን ጣሪያ ከኮርኒሱ ከፍ አድርጎ በመሀሉ ንፋስ እንዲያልፍ አደረገ። ቆርቆሮው ይግላል፤ ሙቀቱ ግን ልጆቹ ጋ ሳይደርስ ይነፍሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጠናቀቀ። በ2022 ያ ሰው በሙያችን ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት የወሰደ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ቆርቆሮ እኛም ጋ አለ። አፈርም አለ። የቸገረን ሌላ ነው።

እዚሁ አጠገባችሁ

አክሱም ላሊበላ እያልኩ አላሰለቻችሁም። ታክሲ ይዛችሁ የምትደርሱበትን ላሳያችሁ።

ካዛንቺስ አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ አለ። በጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ መዜዲሚ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም. የተከፈተ ነው። በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ነው። በውስጡ የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር የሚሆን ባለ ቀለም የመስታወት ሥራ አለ፤ ስለዚህ መስታወት ጠላቴ ነው እንዳትሉኝ። ስድሳ ዓመት ሲሞላው ምን ሆነ? አላፈረሱትም። አደሱት፤ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ የፒያሳ ብዙው ክፍል ሲፈርስ ስለ ትዝታና ስለ ታሪክ ብዙ ተጻፈ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ስለ ቁሱ ግን ማን ጻፈ? እያንዳንዱ የቆመ ግንብ ጭሱ የተከፈለበት፣ ድንጋዩ የተጠረበለት፣ ጡቡ የተቃጠለለት ነው። ሲፈርስ ያ ሁሉ ዕዳ ሆኖ ይመለሳል፤ በቦታው የሚቆመው ደግሞ ሌላ ዕዳ ይጨምርበታል።

ልደታ ደግሞ ሂዱ። ዣቪየር ቪላልታ የሚባል ካታላናዊ አርክቴክት የሠራው የገበያ ሕንፃ አለ። የከተማው የገበያ ማዕከል ሁሉ መስታወት ሲለብስ እሱ መስታወቱን ትቶ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የኮንክሪት ግድግዳ አቆመ። የቀዳዳዎቹን ጥለት የወሰደው ከእኛው የአገር ልብስ ነው። በቀዳዳዎቹ ብርሃንና ነፋስ ይገባል፣ የፀሐዩ ግለት ውጪ ይቀራል። ይህን ለማየት ከባርሴሎና ሰው መምጣት ነበረበት? እኔ በየእሑዱ እናቴ ነጠላ ላይ ያን ጥለት እያየሁ ነው ያደግሁት።

ክሱ

እንግዲህ ቃል በገባሁት መሠረት።

የሙያ ጓደኞቼን እከሳለሁ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ እናውቃለን፤ ደንበኛ እንዳይከፋ ብለን ዝም እንላለን። «ደንበኛው ነው የፈለገው» የምትለዋ ቃል ሐኪም ቢላት እናስረው ነበር።

ባንኮችን እከሳለሁ። አንዲት ደንበኛችን በአፈር ብሎኬት ባለ አንድ ፎቅ ቤት ልትሠራ አስባ ብድር ጠየቀች። የባንኩ ገማች ሥዕሉን አይቶ «ይኼ ፎርማችን ላይ የለም» አላት። ቦታው ላይ «ብሎኬት» ብትጽፍ ኖሮ ብድሯን ታገኝ ነበር። በመጨረሻ እንደዚያው አደረገች፣ ቤቱንም በብሎኬት ሠራችው። ፎርም ላይ አንድ መስመር መጨመር ስንት ያስወጣል?

ሕንፃ ፈቃድ የሚሰጡትን እከሳለሁ። ፓርኪንግ ስንት እንደሆነ ይጠይቁናል፤ ጥሩ። ምዕራብ በኩል ስንት ካሬ ሜትር መስታወት እንዳለ የጠየቀኝ አንድም ሰው በዘጠኝ ዓመት አላገኘሁም።

እናንተንም እከሳለሁ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ ሥቀናል፤ «ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ጠራቢ» ብለን ቀልደናል። ዛሬ ግን የአገር ድንጋይ በአገር ልጅ እጅ ተጠርቦ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ተነሥቶ፣ ቧንቧው ሲጠገን ተመልሶ የሚነጠፍ መንገድ ከዚያ የተሻለ ምን አላችሁ? የጓደኛችሁን ቤት ስትጎበኙ «ዋው፣ ሴራሚክ!» ከማለታችሁ በፊት አንዴ ቁጭ በሉና ቀዝቃዛ ነው ሞቃት ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰብ ቤት ሊሠራ ሲል «ይፍረስ» ከማለታችሁ በፊት አንድ አናጢ አምጥታችሁ ቋሚውን አስነኩ። ለአናጢው ውሎ ብትከፍሉ ከአንድ ኩንታል ሲሚንቶ ብዙ አይበልጥባችሁም።

ከሁሉም በላይ ራሴን እከሳለሁ። ጥዱን ሸጫለሁ።

ከፋሲካ በኋላ ፈቃድ ወስጄ ደብረ ብርሃን ሄድኩ። የብሎኬቱን ቤት አላፈረስነውም፤ ሁለተኛ ስህተት አልሠራም። በደቡብ በኩል፣ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ በምታርፍበት ጎኑ ላይ፣ አንዲት መኝታ ቤት ቀጠልንለት። መሠረቷ እስከ ጉልበት ድረስ ድንጋይ፣ ከዚያ በላይ ባሕር ዛፍና ጭቃ። ክፈፏ ረጅም፣ ኮርኒሷ ዝቅ ያለ፣ መስኮቷ አንድ፣ ባለ እንጨት መዝጊያ። ሥራውን የመሩት እኚያው አናጢ ናቸው። «ይህን ነገር ያኔ ነግሬህ አልነበረም?» አላሉኝም። ጭቃውን እንድረግጥ ጫማዬን አስወለቁኝ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ጎረቤት በአጥር በኩል አይታን እማዬን በሹክሹክታ ጠየቀቻት። «ውይ እትዬ፣ ልጅዎ ብር አለቀበት እንዴ? በጭቃ ነው እኮ የሚሠራው!»

እማዬ እስክሰማት ድረስ ጮክ ብላ መለሰችላት።

«ኧረ አላለቀበትም። አሁን ገና ተማረ።»